ጊዜ የማይሰጥ በሽታ፣ ቀጠሮ የማያልቅበት ቢሮ

ቀን፦ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለቤቶችና ለማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊዎች
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ ዱሼን የተባለ የጡንቻ መመንመን በሽታ ላለበት ልጄና እንደ እርሱ ላሉ ልጆች ወቅቱን የጠበቀ ድጋፍ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እኔ አመልካች የ11 ዓመት ወንድ ልጅና የ7 ዓመት ሴት ልጅ እናት ነኝ። ወንዱ ልጄ ዱሼን መስኩላር ዲስትሮፊ የተባለው በሽታ እንዳለበት በሐኪም ተረጋግጧል። የሕክምና ማስረጃው፣ የደም ምርመራውና የጂን ምርመራው ውጤት ከዚህ አቤቱታ ጋር ተያይዘዋል። ይህን የምጽፈው ልጄን አድኑልኝ ለማለት አይደለም። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን እንዳልተገኘ ሐኪሞቹ ነግረውኛል፤ የእግዚአብሔርን ሥራም ከቢሮ አልለምንም። የምለምነው በቢሮ እጅ ያለውን ነው፤ እሱም በጊዜው እንዲደረግ ነው።

ስለ በሽታው ጠባይ

አቤቱታዬ የቆመው በበሽታው ጠባይ ላይ ስለሆነ አስቀድሜ ጥቂት ላስረዳ። ዱሼን በአብዛኛው የሚይዘው ወንዶችን ነው፤ በዓለም ዙሪያ ከ5,000 ገደማ ወንድ ልጆች አንዱ ይዞት ይወለዳል። ስሙን ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860ዎቹ በዝርዝር ከጻፈለት ከፈረንሳዊው ሐኪም ከጊዮም ዱሼን ነው። መነሻው የጡንቻን ሕዋስ ከጉዳት የሚጠብቀውን ዲስትሮፊን የተባለ ፕሮቲን ሰውነት ማምረት አለመቻሉ ነው። ጡንቻው በሠራ ቁጥር ይጎዳል፤ ለጊዜው ራሱን እየጠገነ ይቆይና ኋላ ቦታውን ስብና ጠባሳ ይይዙታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አብሮት የበላና አብሮት የተቀመጠ ልጅ አይያዝም።

በሽታው ቀጠሮ ያከብራል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ልጁ መውደቅ ያበዛል፣ ደረጃ ይከብደዋል። ሕክምና ካላገኘ 12 ዓመት ገደማ ሲሞላው መራመድ ያቆማል። ከዚያ በኋላ አከርካሪው ሊጣመም ይችላል፤ ቀጥሎ ልቡና መተንፈሻው ይደክማሉ። በፊት እነዚህ ልጆች ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ያልፉ ነበር። ዛሬ ተገቢው ክትትል ባለበት አገር ሠላሳዎቹን ዕድሜ የሚያገኙና ከዚያም የሚሻገሩ አሉ። ይህን ያመጣው ተአምር ሳይሆን ለብዙ ሌላ በሽታ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን፣ በየዓመቱ የሚደረግ የልብ አልትራሳውንድ፣ የልብ መድኃኒት፣ ሌሊት አየር የሚያግዝ መሣሪያና የማይቋረጥ ፊዚዮቴራፒ ነው።

እያንዳንዱ ድጋፍ እንግዲህ ወቅት አለው። ፕሬድኒሶሎን ልጁ እግሩን የሚያጣበትን ጊዜ የሚያዘገየው እየተራመደ ሳለ ሲጀመር ነው። የቁርጭምጭሚት ድጋፍ የሚጠቅመው ጅማቱ ሳያጥር ነው። በልኩ የተሠራ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስፈልገው ወገቡ ሳይጣመም ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ደብዳቤ፣ ማኅተሙ ቢያምር፣ ፊርማው ቢደምቅ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የድርሻችንን ስለማድረጋችን

መንግሥትን ከመጠየቄ በፊት በቤታችን የሚቻለውን አድርገናል። ልጄ ከዝቅተኛ መቀመጫ መነሳት ስለማይችል በርጩማዎቹን አስወግደን ከፍ ያለ ወንበር ገዝተናል። ለበዓል ቄጠማ አንጎዘጉዝም፤ ያንሸራትተዋል። ነጠላ ጫማውን ተረከዝ ባለው ጫማ ቀይረናል። ማታ ማታ አባቱ ዜና እየሰማ የልጁን እግር ዘርግቶ ጅማቱን ያሳስባል፤ ይህን ያስተማሩን አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናቸው፤ ባሉበት እግዚአብሔር ይስጥልን። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎቱን ስለሚከፍት፣ ክብደቱ ሲጨምር ደግሞ እግሩ ስለሚከብደው፣ ጨውና ጣፋጭ ከቤታችን ቀንሰናል። እንጦጦ ማርያምም ጠበል እናስጠምቀዋለን፤ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አልተውንም። እኔ የሒሳብ ሥራዬን ለቅቄ በቤት የምሠራው ሥራ ይዣለሁ። ሊለመድ የሚችለውን ሁሉ ለምደናል። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ግን የሚለመድ ሳይሆን የሚስተካከል ነው።

የአቤቱታው ዝርዝር

1ኛ. በሽታው ስሙን ሳያገኝ ብዙ ጊዜ መጥፋቱ

ልጄ ትንሽ ሳለ ባቱ ወፍራም ነበር። ያየው ሁሉ «ኳስ ተጫዋች ይወጣዋል» ይል ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ያ ውፍረት የበሽታው አንዱ ምልክት ነው። ከመሬት ሲነሳ መጀመሪያ በእጁና በጉልበቱ ይንበረከካል፤ መቀመጫውን ያነሳል፤ ከዚያ አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ሌላውን ጭኑ ላይ እያደረገ፣ እጆቹን እያፈራረቀ ወገቡን ቀና ያደርጋል። ይህን አነሳስ ለሚያውቅ ባለሙያ በሽታው ራሱን ያስተዋወቀ ያህል ነው። እኛን ያዩን ግን አንዱ የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው አሉን፣ ፀሐይ አሞቅነው። ሌላው ደሙን አስመርምረው ጉበቱ ነው አሉን፤ ቅባት ከለከልነው። ጉበቱ ግን ደህና ነበር። ጉበት ሲታመም የሚጨምሩት ኢንዛይሞች ጡንቻ ሲጎዳም ይጨምራሉ። ያን ጊዜ ሲኬ የሚባለው የደም ምርመራ ቢታዘዝ ኖሮ ጥርጣሬው ወዲያው ወደ ጡንቻ በዞረ ነበር፤ በዚህ በሽታ የሲኬ መጠን ከጤነኛው ልጅ በብዙ አሥር እጥፍ ይልቃል። በመካከሉ ሰው መክሮን ወደ ወጌሻ ወሰድነው፤ ጎትተው አሽተውት ለቀናት ሳይራመድ ቆየ። ማንንም ለመክሰስ አይደለም። የሚቀጥለው ልጅ ይህን እንዳያይ ነው።

2ኛ. የምርመራው ውጤት የተነገረበት መንገድ

ውጤቱ የተነገረኝ ሰው በሚተላለፍበት ኮሪደር ላይ፣ ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነው። «መድኃኒት የለውም፤ በእናት በኩል የሚመጣ ነው» ተባልኩ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከእኔ ቀድሞ ዘመድ ቤት ደረሰ። እርግማን ነው ያለ አለ፤ «የእሷ ዘር» ያለም አለ። ማንም ቁጭ አድርጎ ያላስረዳኝን ኋላ ራሴ ጠይቄ ተረዳሁ፦ ጉድለቱ ያለው ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም ላይ ነው፤ ወንድ ልጅ ያለው ኤክስ አንድ ብቻ ስለሆነ መተኪያ የለውም። ከእነዚህ ልጆች ሲሶ በሚሆኑት ደግሞ ጉድለቱ ከእናት ሳይወረስ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው። ተሸካሚ የሆነች እናትም ብትሆን የመረጠችው ነገር የለም። ይልቅስ ተሸካሚ ሴት የራሷም ልብ ሊደክም ስለሚችል መመርመር እንዳለባት ሊነገራት ይገባ ነበር፤ ለእኔ አልተነገረኝም። ሴት ልጄም አድጋ ስታገባ ማወቅ የሚገባትን ማን እንደሚነግራት አላውቅም።

3ኛ. መድኃኒቱና ሪፈራሉ

ፕሬድኒሶሎን ብርቅ መድኃኒት አይደለም፤ ነገር ግን ከተጀመረ በድንገት አይቋረጥም። ለወራት ሲወስደው የቆየ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚቀንስ በድንገት ቢቆም ለሕይወት ያሰጋል። እኛ ግን በጤና መድን ለመገልገል በየቀጠሮው ከጤና ጣቢያ አዲስ የሪፈራል ወረቀት እንድናመጣ እንጠየቃለን። ከጤና ጣቢያ ተራ ይዘን፣ ከሆስፒታል ካርድ ክፍል ተራ ይዘን፣ ፋርማሲ ስንደርስ «አልቋል» እንባላለን። ከውጭ እንገዛለን፤ ያልቻለ ቤተሰብ ግን መድኃኒቱን አቋርጦ ይቆያል። ዕድሜ ልኩን የማይድን በሽታ በየወሩ እንደ አዲስ ሪፈር መባሉ ለማን እንደሚጠቅም ቢብራራልኝ ደስ ይለኛል።

4ኛ. ትምህርት ቤቱ

ልጄ በሒሳብ ከክፍሉ ቀዳሚ ነው፤ ዳማም አባቱን ያሸንፋል። አእምሮው አልታመመም። እስከ 4ኛ ክፍል ክፍሉ ምድር ቤት ስለነበር ችግር አልነበረም። 5ኛ ክፍል ሲገባ ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ሆነ። ክፍሉ ወደ ምድር ቤት እንዲወርድ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ «ለአንድ ተማሪ ተብሎ ፕሮግራም አይናጋም» የሚል የቃል መልስ ተሰጠኝ። ጠዋት በባንዲራ ሰልፍ መቆም ሲያቅተው ሰነፍ ተብሏል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ እንዲሮጥ ታዝዞ ወድቋል፤ ይህ በሽታ ባለበት ልጅ ጡንቻውን የሚያደክም ሩጫ እንደሚጎዳው የሐኪም ደብዳቤ ሰጥቼ ሳለ ነው።

ከሁሉ የከፋው መጸዳጃው ነው። መቀመጫ የለውም፤ ልጄ ደግሞ ቁጢጥ ማለት አይችልም፤ ቢልም አይነሳም። ስለዚህ ጠዋት ውኃ አይጠጣም። ትምህርት ቤት ውሎ ቤት እስኪመለስ ሽንቱን ይይዛል። አስቤዛ ስናጣ የምንቀንሰውን አውቃለሁ፤ ልጅ ግን ለመማር ብሎ ውኃ ሲቀንስ ከማየት የሚከብድ አላየሁም።

5ኛ. ቤቱና ቢሮው

የምንኖረው ሊፍት በሌለው የጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕጣው ሲወጣ ልጁ ጤነኛ ነበር፤ ቢያንስ ጤነኛ መስሎን ነበር። አሁን አባቱ አዝሎት ይወርዳል፣ አዝሎት ይወጣል። እሱ ሥራ ሲሄድ እኔ አዝላለሁ። ልጁ እያደገ ነው፤ የእኛ ጀርባ ግን እያደገ አይደለም። ምድር ቤት ካለው ቤት ጋር እንድንቀያየር ፈቃደኛ ጎረቤት ራሳችን ፈልገን አግኝተናል። የጠየቅነው ቅያሪው እንዲመዘገብልን ብቻ ነው።

ለዚህ ጉዳይ ቢሮ ስሄድ አንዴ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው፣ አንዴ «ሲስተም የለም» ነው። ማስረጃውን ሳቀርብ ስድስት ወር ስላለፈው አሳድሺ ተባልኩ። በሽታው እንደማይድን የሚገልጸውን ወረቀት ድኖ እንደሆነ ለማጣራት አሳድሺ ማለት ነው። አድሼ ስመለስ ደግሞ «ልጁን በአካል ይዘሽ ነይ» ተባልኩ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ልጄ ደረጃ መውጣት እንደማይችል ለማስረዳት ደረጃ እንዲወጣ ተጠየቀ ማለት ነው። አዝዬው ወጣሁ። ጠረጴዛው ጋ ስንደርስ ኃላፊው እሱን አላነጋገሩትም፤ ወደ እኔ ዞረው «ይናገራል?» አሉ። «እናገራለሁ» አለ ልጄ።

6ኛ. ተሽከርካሪ ወንበርና ትራንስፖርት

በእርዳታ ያገኘነው ተሽከርካሪ ወንበር የአዋቂ ነው። ልጁ መሃሉ ላይ ሰጥሞ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አከርካሪው ለመጣመም ቀድሞውንም ለተጋለጠ ልጅ ያለ ልክ መቀመጥ ችግሩን ያባብሰዋል። ሚኒባስ ስንሳፈር ለወንበሩ የሰው ሒሳብ እንድንከፍል እንጠየቃለን፤ ብዙ ጊዜም ወንበሩን ሲያዩ ጥለውን ይሄዳሉ። አስፋልት ዳር የተሠራው የእግረኛ መንገድ እንኳ በየመሻገሪያው ከፍ ብሎ ስለሚቋረጥ ወንበሩን የምገፋው ከመኪና ጋር እየተጋፋሁ ነው።

7ኛ. ድንገተኛ ሕክምና

ልጄ ወድቆ እግሩ ቢሰበርና ኦፕራሲዮን ቢያስፈልገው፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ከማደንዘዣ ጋር ለጡንቻ ማፍታቻ የሚሰጠውን ሰክሲኒልኮሊን ሊሰጠው አይገባም፤ በዚህ በሽታ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ይህን የሚናገር ምልክት ልጄ ላይ የለም። እኔ አጠገቡ ካልሆንኩ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ስለ ሕጉ

የጠየቅሁት ከሕግ ውጭ እንዳልሆነ ለማሳየት ያህል እጠቅሳለሁ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና ዕርዳታ የሚውል ሀብት እንዲመድብ ያዝዛል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ብቻ ሳይሆን፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚያቅታቸውም መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃውም ለእነሱ እንዲመች ደንግጓል። ያ አዋጅ ሲወጣ ልጄ አልተወለደም። ሕግ አውጪው ግን ልጄን ቀድሞ አስቦት ነበር፤ ያላሰበው ደረጃውን የሠራው ነው።

ስለ በጀት

«በጀት የለም» የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቀድሜ ልመልስ። አሜሪካ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ለዚህ በሽታ የተፈቀደ የጂን ሕክምና ዋጋው 3.2 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ አንብቤያለሁ። እሱን አልጠየቅሁም፤ አገሬን አውቃታለሁ። አንድን የመማሪያ ክፍል ከላይ ወደ ታች ማውረድ ግን ስንት ብር ይፈጃል? ሁለት ቤተሰቦች ተስማምተው የሚያደርጉትን ቅያሪ መመዝገብስ? የማይድን በሽታን ሪፈራል ለዓመት ማድረግስ? ከጠየቅኳቸው ነገሮች አብዛኞቹ ገንዘብ አይፈልጉም። የሚፈልጉት አንድ ሰው ፊርማውን በወቅቱ እንዲያኖር ነው።

የምጠይቀው

ስለዚህ የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ በትሕትና፣ ነገር ግን መብቴ መሆኑን በማወቅ፣ የሚከተሉት እንዲፈጸሙልኝ እጠይቃለሁ።

1. ዘግይቶ የሚራመድ፣ መውደቅ የሚያበዛ ወይም እጁን ጭኑ ላይ ተደግፎ የሚነሳ ወንድ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ የሲኬ ምርመራ እንዲታዘዝለት ለባለሙያዎች መመሪያ እንዲሰጥ፤

2. የምርመራው ውጤት በተዘጋ ክፍል፣ በበቂ ጊዜ፣ ስለ ውርሱም ማብራሪያ ተጨምሮበት እንዲነገር፤ እናቶችና እኅቶችም የመመርመር ዕድል እንዲያገኙ፤

3. እንዲህ ላለ የማይድን በሽታ የሚሰጠው ሪፈራልና የአካል ጉዳት ማስረጃ በየጊዜው መታደሱ ቀርቶ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያገለግል፤ ፕሬድኒሶሎንና የልብ መድኃኒት ለእነዚህ ልጆች ሳይቋረጥ እንዲቀርብ፤ የልብ ምርመራም በየዓመቱ እንዲደረግላቸው፤

4. የልጄ ክፍል በዚህ መንፈቅ ወደ ምድር ቤት እንዲወርድ፤ ቢያንስ አንድ መቀመጫና የእጅ መደገፊያ ያለው መጸዳጃ እንዲዘጋጅ፤ ከሩጫና ከሰልፍ በሐኪም ማስረጃ ነፃ እንዲሆን፤

5. ተስማምተን ያቀረብነው የቤት ቅያሪ እንዲመዘገብልን፤

6. ደረጃ መውጣት ለማይችል ተገልጋይ ሠራተኛው ምድር ቤት ወርዶ እንዲያስተናግደው፤

7. ተሽከርካሪ ወንበር ሲሰጥ በልጁ ልክ እንዲሆን፤ ልጁ ሲያድግም እንዲቀየር፤

8. በድንገተኛ ሕክምና ጊዜ የሚታይ፣ የተከለከሉ መድኃኒቶችን የሚዘረዝርና ፕሬድኒሶሎን እንዳይቋረጥ የሚያሳስብ አንድ ገጽ ካርድ ለእነዚህ ልጆች እንዲዘጋጅ።

ከእነዚህ መካከል 4ኛው፣ 5ኛውና 6ኛው ያለ ምንም ጥናትና ኮሚቴ በዚህ ወር ሊፈጸሙ እንደሚችሉ አምናለሁ። ሌሎቹ ጊዜ እንደሚወስዱ እገነዘባለሁ፤ ነገር ግን ማን እንደያዛቸውና መቼ እንደሚያደርሳቸው እንዲነገረኝ እጠይቃለሁ። ልጄ ዛሬ ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዞ ይራመዳል። የዛሬ ዓመት ላይራመድ ይችላል። ዛሬ ያስፈለገው ነገር የዛሬ ዓመት ቢፈቀድ ለሌላ ልጅ ይጠቅም ይሆናል፤ ለእሱ ግን አይደርስም።

መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። መልሱ «አይቻልም» የሚል ከሆነም በየትኛው ሕግ አንቀጽ እንደማይቻልና የወሰነው ኃላፊ ማን እንደሆነ ተጽፎ ይሰጠኝ፤ ይግባኝ የምጠይቅበትን በር አውቄ በጊዜ እንድሄድ።

ከላይ ያቀረብኩት ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አመልካች እናት
ፊርማ

አባሪ፦ የሕክምና ማስረጃ፣ የደምና የጂን ምርመራ ውጤት፣ የቤት ቅያሪ የስምምነት ወረቀት፣ ለትምህርት ቤቱ የቀረበ ማመልከቻ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ የወላጅ መምህር ኅብረት
ለወረዳው ጤና ጣቢያ
ለልጄ፣ ስለ እሱ የተጻፈውን ሁሉ የማንበብ መብት ስላለው